ለሌሊት መረብ የጀልባ ኤልኢዲ፦ ባትሪው፣ ሽቦው፣ አቀማመጡ

ደንገል_ዳር

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጀልባው 7.5 ሜትር ፋይበር ነው፤ ሞተሩ 15 የፈረስ ጉልበት፣ በገመድ ተጎትቶ የሚነሣ። ቦታው ጣና፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በኩል። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይነሣል።

የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ መረብ ማንሻ መብራት። ሁለተኛ ሌላ ጀልባ እንዲያየኝ የሚያደርግ። ሦስተኛ "ዓሣ ይሰበስባል" እየተባለ የሚሸጠው፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው አረንጓዴ ኤልኢዲ፤ ይጠቅማል? ከሞተሩ ደግሞ ለመብራት ናቸው የተባሉ ሁለት ትርፍ ሽቦዎች ይወጣሉ። ፓውዛውን እነሱ ላይ በቀጥታ ባስር ባትሪ ከመግዛት እድናለሁ?

ሽቦ_በልክ

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ኪስህን የሚጎዳው እሱ ነውና። በቀጥታ እንዳታስር።

እነዚያ ሽቦዎች የሚያመጡት እንደ ባትሪ ወደ አንድ ወገን የሚፈስ (ዲሲ) ሳይሆን እንደ ቤት መብራት የሚመላለስ ከረንት ነው፤ ኤሲ ማለት ነው። ቮልቱም ከሞተሩ ዙር ጋር ይወጣል ይወርዳል። መጀመሪያ የታሰበው ለክር አምፖል ነበር። ክር አምፖል ብዙ ስለሚጠጣ ቮልቱን ጎትቶ ያወርደዋል፤ ኤሲ ይሁን ዲሲ ግድ የለውም። ኤልኢዲ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ ቮልቱን የሚይዘው ነገር የለም፤ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ከ20 በላይ ሊዘል ይችላል። ሞተሩ ቀስ ሲል መብራቱ ይርገበገባል፣ ሲፈጥን ውስጡ ያለው ከረንት አስተካካይ፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ይቃጠላል። ከዚያ "የቻይና ዕቃ ነው" ይባላል። ጥፋቱ ግን የአሳሳሩ ነው።

መፍትሔው ኤሲውን ወደ ዲሲ ለውጦ ቮልቱን የሚያጸና ሬክቲፋየር-ሬጉሌተር ነው፣ አንዳንዱ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅም ይዞታል። ሁለቱ የሞተር ሽቦዎች ወደ እሱ ይገባሉ፣ ከእሱ የሚወጡት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ወደ ባትሪ ይሄዳሉ፣ መብራቱ ከባትሪው ይጠጣል። ባትሪው እንደ ትራስ ሆኖ የቮልቱን ዝላይ ይውጣል፤ ስለዚህ ሞተር እየሠራ ባትሪ አይነቀልም። ከገጠምክ በኋላ ሞተሩን ግማሽ ጋዝ ላይ አድርገህ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ አሳርፍ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበብክ ደኅና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ሞቷል፣ መብራቱን ሳይበላ ንቀለው።

ቀዛፊ77

ሬጉሌተሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለአጭር ጉዞ ሞተሩ ብቻውን ባትሪ አይሞላም። መረብ ሲነሣ ሞተሩ ወይ ጠፍቷል ወይ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ዋናው ሙላት ከሶላር ይሁን፣ የሞተሩን እንደ ምርቃት ቁጠረው።

የባትሪውን ስሌት እንሥራው። መረብ ማንሻ ሁለት ባለ 10 ዋት ፓውዛ፣ 3 ሰዓት፦ 60 ዋት ሰዓት። መታያ መብራቶቹ ሁሉም ተደምረው 5 ዋት፣ ሄዶ መመለሻው 5 ሰዓት፦ 25። ስልክ መሙያ 10። ጠቅላላ 95 ዋት ሰዓት፣ ለ12 ሲካፈል 8 አምፔር ሰዓት በሌሊት። ለአንድ ደመናማ ቀን መጠባበቂያ ብለህ እጥፍ አድርገው፣ 16። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 32፣ ገበያ ላይ 35 ወይም 40 ያለውን ውሰድ። ሊቲየም ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል 20 አምፔር ሰዓት ይበቃል፤ ክብደቱም ከእርሳሱ በብዙ ይቀላል።

የመኪና ባትሪ ላይ ግን አትቸኩል። እሱ የተሠራው ለሁለት ሰከንድ ብዙ ከረንት ሰጥቶ ሞተር ለማስነሣት ነው። በየሌሊቱ ቀስ እያለ ሲጠባ ቶሎ ይሞታል። ለሶላር ተብሎ የሚሸጠውን ጠይቅ።

ሶላሩ 50 ዋት ይሁን። በክረምት ደመና ለ3 ሰዓት ያህል ብቻ ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ እንኳ 150 ዋት ሰዓት፣ የሚባክነውን ሩብ ቀንሰህ 112 ይቀራል። 95ቱን ይሸፍናል። በበጋ ይተርፍሃል።

ሽቦ_በልክ

ለሊቲየም ከወሰንክ ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው የሶላር ኮንትሮለር የሊቲየም ምርጫ ያለው መሆኑን እይ። ለእርሳስ ብቻ የተሠራው አልፎ አልፎ ቮልት ከፍ አድርጎ ባትሪውን "ያፈላል"፤ ለእርሳስ መድኃኒት የሆነው ለሊቲየም መርዝ ነው። ሌላም አለ። የእርሳስ ባትሪ ትንሽ አርፎ 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው፣ 12.2 ገደማ ካነበበ ግማሽ ነው። ሊቲየም ግን እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ በቴስተር አትገምተው።

ጭላንጭል

ፓውዛ ምን ያደርጋል? ከጥቅልል የሚቆረጠው የኤልኢዲ ስትሪፕ ዋጋው ግማሽ አይሞላም፣ በጀልባው ጠርዝ ዙሪያ ቢለጠፍ ጥላ አይጥልም። ባለ 12 ቮልት ነው፣ ባትሪውም 12 ቮልት። ምን ችግር አለው?

ሽቦ_በልክ

"12 ቮልት" የተባለው ባትሪ 12 አይደለም። ሲሞላ 14.4 ነው። ስትሪፑ ውስጥ ሦስት ሦስት ኤልኢዲ ተደርድሮ አንድ ከረንት የሚገታ ሬዚስተር ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ኤልኢዲ ወደ 9 ቮልት ይወስዳሉ፣ የቀረውን ሬዚስተሩ ይሸከማል። በ12 ቮልት የቀረው 3 ነው፤ ሬዚስተሩ 150 ኦም ከሆነ 20 ሚሊ አምፔር። በ14.4 የቀረው 5.4 ሆነ፤ 36 ሚሊ አምፔር። ቮልቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ከረንቱ በ80 በመቶ ጨመረ። በተግባር ትንሽ ያንሳል፣ ኤልኢዲው ራሱ ቮልት ስለሚጨምር፤ ቢሆንም ስትሪፑ በጥቂት ወር ሰማያዊ ሆኖ ይደክማል፣ ከዚያ ሦስት ሦስቱ እየተያያዘ ይጠፋል። ሦስት ተከታታይ አምፖል አንድ ላይ የጠፋበት ስትሪፕ ካየህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ መብራት ስትገዛ ጀርባው ላይ "12 ቮልት" ብቻ ሳይሆን "ከ10 እስከ 30 ቮልት" ወይም "ከ9 እስከ 32" የሚል ፈልግ። እንዲህ ያለው በውስጡ ከረንት የሚያስተካክል ድራይቨር አለው። ስትሪፕ የግድ ካልክ 12 ቮልት ላይ የሚያጸና ትንሽ ሬጉሌተር ከፊቱ አድርግ።

የዋት ጽሑፍም አትመን። "27 ዋት" የተባለ ፓውዛ በ12 ቮልት 2.25 አምፔር መጠጣት አለበት። ቴስተሩን በመሐል አስገብተህ 1.2 ካነበብክ የገዛኸው 14 ዋት ነው። ብርሃኑ ከበቃህ ግድ የለም፣ ዋጋውን ግን በ27 አትክፈል።

አሮጌ_መልሕቅ

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ተናገራችሁ። ስለ ዓይንስ?

የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ነጭ ፓውዛ ፊት ላይ ሲበራ ያ ሁሉ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀመራል። ጀልባው አፍንጫ ላይ ወደ ፊት የሚያበራ ፓውዛ ሰቅሎ መሄድ ለመንገድ የሚጠቅም ይመስላል፤ የሚያበራው ግን የጀልባውን የራሱን ጠርዝ፣ ጤዛውንና ተናካሹን ትንኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። ጣና ላይ ደግሞ በዚያ ጥቁር ግድግዳ ውስጥ መብራት የሌለው የደንገል ታንኳ አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ነፋስ የገፋው እምቦጭ አለ። እየሄዳችሁ የሥራ መብራት ይጥፋ። መንገድ ማየት ካስፈለገ በእጅ የሚያዝ ጠባብ ጨረር ያለው ባትሪ፣ ለሦስት ሰከንድ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት።

መረብ ሲነሣም ፓውዛው ከዓይን በላይ ከፍ ብሎ ወደ ታች ይመልከት ወይም ከጠርዙ በታች ይደበቅ። ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ መረብ የሚነሣበትን ጎን ብቻ ያብራ። የሚነዳው ሰው አምፖሉን ራሱን ማየት የለበትም፤ ካየው በቆርቆሮ ኮፍያ ሥሩለት። የመሪው አካባቢ ደብዛዛ ቀይ ይሁን፣ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን አይሰርቅም። የሥራው መብራት ቀለም ደግሞ ሰማያዊ የሚመስለውን ነጭ ተዉትና ወደ ቢጫ ያደላውን፣ 3000 ኬልቪን የሚባለውን ውሰዱ። የሐይቅ ዝንብ የሚንጋጋበት ሰማያዊ በሚበዛበት ብርሃን ነው፤ ቢጫማው ጨርሶ አያርቃቸውም፣ ይቀንሳቸዋል።

ደንገል_ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁለቱ ፓውዛዎች ለየብቻ ማብሪያ ላደርግላቸው ነው። አረንጓዴውስ?

ሊሙኖስ

አረንጓዴውን አትግዛ፤ ለጣና የማይሆንበት ምክንያት አንድ አይደለም።

ብርሃን ዓሣ የሚሰበስበው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው፦ በመንጋ የሚሄድ፣ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን የሚበላ ትንሽ ዓሣ፣ ጨለማ ሌሊት፣ ዓሣውን ከበብ አድርጎ ከሥር የሚያፍስ መረብ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ዳጋ የሚባለው፣ ታንጋኒካ ላይ ሰርዲን መሰሎቹ እንዲህ ነው የሚያዙት። እዚያ ድሮ በማሾ ነበር የሚሠራው፣ አሁን በኤልኢዲ እየተተካ ነው፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንም ብዙዎቹ ሥራ ያቆማሉ፣ መብራታቸው በጨረቃ ብርሃን ስለሚዋጥ።

ጣና ላይ መረብህ የሚይዘው ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ቀረሶ በዋናነት ቀን ላይ የሚመገብ፣ ምግቡም አብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ ነው። አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው በጢሙና በማሽተት ነው፣ ለጨለማ የተፈጠረ ዓሣ ነው። ውኃውም ከገባሮቹ በሚመጣው ደለል የደፈረሰ ስለሆነ ብርሃኑ ሩቅ አይሄድም። አረንጓዴ የሚመረጠው ሰማያዊ ቶሎ በሚዋጥበት ውኃ ዘልቆ ስለሚሄድ ነው፤ በጭቃማ ውኃ ግን እሱም ወዲያው ይበተናል።

ከሁሉ በላይ ግን አንተ የምትጠቀመው ቆሞ የሚያድር መረብ ነው። እንዲህ ያለ መረብ ዓሣ የሚይዘው ዓሣው ስለማያየው ነው። አጠገቡ መብራት መስቀል "እዚህ ጋ መረብ አለ" ብሎ ለዓሣው ማሳወቅ ነው።

ጭላንጭል

ታዲያ መረቡ ጫፍ ላይ ምልክት መብራት ማድረግም ዓሣ ያባርራል?

ሊሙኖስ

ከውኃ በላይ ሆኖ አልፎ አልፎ ብልጭ የሚል ትንሽ መብራት ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች እንዳይወርድ ሥሩን በጥቁር ፕላስተር ሸፍነው።

ቀዛፊ77

ምልክቱን ራስህ ሥራው። አንድ ቢጫ ኤልኢዲ፣ ሁለት ተራ ድንጋይ፣ አንድ 56 ኦም ሬዚስተር። ቢጫ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ ከ3 ቮልቱ የቀረው 1 ቮልት በ56 ኦም ላይ 18 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ነጭ ከተጠቀምክ ኤልኢዲው ራሱ 3 ቮልት ስለሚጠይቅ ድንጋዩ ትንሽ ሲደክም መብራቱ ያልቃል። ለነጭ ሦስት ድንጋይና 82 ኦም ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ከበራ ባለ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ድንጋይ 110 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ብልጭታ ሰጪ ሰርኪት ጨምረህ በየ4 ሰከንዱ ለ0.2 ሰከንድ ቢበራ አማካዩ 1 ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ሰርኪቱ ለራሱ የሚጠጣው ተጨምሮበትም ለወራት ይሠራል። ክዳኑ የሚጠብቅ ግልጽ የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ አድርገው፣ ተንሳፋፊው ላይ እሰረው። ቀይ አታድርገው፣ የጀልባ ግራ መብራት ይመስላልና።

ሌሊት_ወፍ

ሁሉም መልካም፣ ግን መብራት ያለበት መረብ ለሌባም ይታያል። በየሐይቁ መረብ እንደሚሰረቅ የማያውቅ የለም። ከመብራት ይልቅ የመንገድ ምልክት ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ፕላስተር ይሻላል፤ ከላይ ባለው ዱላ ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠምጥሞ የእጅ ባትሪ ሲበራበት ብቻ ይታያል። መብራት የሚያስፈልገው ትልልቅ ጀልባ በሚያልፍበት መስመር ላይ ለሚጣል መረብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ባይጣል ነው የሚሻለው።

አሮጌ_መልሕቅ

ሌሊት ወፍ ልክ ነው። ወደ መታያ መብራት እንሂድ።

ዓለም አቀፉ የ1972ቱ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ የወጣው ለባሕር ነው፤ ጣና የባሕር መርከብ የሚደርስበት ውኃ አይደለም። ቢሆንም ትርጉሙን ሁሉም የሚያውቀው መብራት እሱ ስለሆነ እንደ አርአያ ይያዝ። ከ12 ሜትር በታች የሆነ የሞተር ጀልባ ዙሪያውን የሚታይ አንድ ነጭ፣ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ያበራል። የጎኖቹ እያንዳንዳቸው ከፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ይሸፍናሉ። ነጩ ከጎኖቹ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይላል። የሚታዩበት ርቀት ለነጩ 2፣ ለጎኖቹ 1 የባሕር ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር 3.7 እና 1.85። ከ7 ሜትር በታች ሆኖ ከ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) የማይፈጥን ከሆነ ነጩ ብቻ ይበቃል፣ ያንተ ግን 7.5 ነው። በቀዘፋ የሚሄድ ታንኳ ደግሞ አንድ ነጭ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ጀልባ ሲመጣ በጊዜ ማብራት ይበቃዋል። ታንኳ ለሚቀዝፍ ወዳጅ አንድ የግንባር መብራት ስጡት።

ደንቡ አንድ ሌላ የማይረሳ ነገር ይዟል፦ መታያ መብራቶችን የሚሸፍን ወይም የሚያደናግር ሌላ መብራት አይብራ ይላል። ጠርዙን በሙሉ በሰማያዊና በሐምራዊ ስትሪፕ ያስጌጠ የሽርሽር ጀልባ ከሩቅ ሲታይ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሲመጣ ነው ወይስ ሲሄድ?

ጭላንጭል

አሮጌ የአረንጓዴና የቀይ ፋኖስ ቤት ካለ በውስጡ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ብቻ ቢቀየርስ?

ሽቦ_በልክ

አይሆንም። መስታወቱ የተሠራው ለክር አምፖል ብርሃን ነው። የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን ሰማያዊ ስለሚበዛው በአረንጓዴው መስታወት ውስጥ ሰማያዊ ይመስላል፣ ቀይ ስለሚያንሰው በቀዩ ውስጥ ይደክማል። በዚያ ላይ የክሩ ቦታና የኤልኢዲዎቹ ቦታ አይገጥምም፤ 112.5 ዲግሪ ላይ መቆረጥ ያለበት ብርሃን ወደ ሌላው ጎን ያልፋል። ከፊት የሚመጣ ሰው ቀይና አረንጓዴውን አሳስቶ ያነባል። ከነቤቱ ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራውን ግዛ።

አሁን ሽቦ። ከባትሪ እስከ ፓውዛው 7 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 14። ሁለቱ ፓውዛዎች 1.7 አምፔር ይጠጣሉ። በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 0.8 ቮልት በመንገድ ይቀራል፣ በ1.5 ካሬ 0.28 ብቻ። 1.5 ውሰድ። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን፤ ለቤት የሚዘረጋው ነጠላ ደረቅ ሽቦ በሞተር ንዝረት ይሰበራል፣ ላስቲኩ ደኅና ሆኖ ውስጡ ስለሚቆረጥ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። ክሩ ቆርቆሮ የተቀባ ብርማ መዳብ ከተገኘ ይመረጣል።

መጋጠሚያ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ክልክል ነው። ፕላስተር ውኃ አያስቆምም፣ የገባውን ይዞ ያቆያል እንጂ። ተርሚናሉን በመጭመቂያ ፒንሳ ጨምቅ፣ ከላይ በውስጡ ሙጫ ያለውን በሙቀት የሚኮማተር ጎማ አልብስ፣ ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ጠብ ብሎ እስኪታይ አሙቅ። በስታኞ ብቻ የተበየደ መጋጠሚያ ስታኞው ካለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ሽቦው ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ፣ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ቀዛፊ77

በሲሊኮን የምትደፍን ከሆነ አሽትተው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ሽታ የሌለውን፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነውን ጠይቅ።

የላሜራ ጀልባ ያላችሁ ደግሞ እንደ መኪና ኔጌቲቩን ከጀልባው አካል ጋር እንዳታስሩ። ከረንቱ በውኃ በኩል መንገድ ካገኘ ብረቱን ይበላዋል። ሁልጊዜ አንድ ሽቦ ሄዶ አንድ ሽቦ ይመለስ።

ደንገል_ዳር

አንድ የተለየ ነገር፦ ያለኝ ፓውዛ በራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደበዝዛል፣ ጠፍቶ ቆይቶ ሲበራ እንደገና ይደምቃል። ባትሪው ነው?

ሽቦ_በልክ

ሲደበዝዝ መብራቱ ጫፍ ላይ ቮልት ለካ። ከ12 በታች ወርዶ ከሆነ ሽቦው ወይም ባትሪው ነው። ቮልቱ ካልተለወጠ ሙቀት ነው፦ ድራይቨሩ ራሱን ለማዳን ከረንት ይቀንሳል። ፋይበርና እንጨት ሙቀት አያስተላልፉም። ከጀርባው አየር እንዲያልፍ 2 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ግጠመው ወይም በመሐል 3 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሰሌዳ አድርግ። ብሎኑ አይዝጌ ብረት ከሆነ በአሉሚኒየሙና በእሱ መሐል የፕላስቲክ ወሸር ይግባ።

ከሐይፋ

በባሕር ላይ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ልጨምር። ርካሽ የኤልኢዲ ድራይቨር ጀልባዎች የሚነጋገሩበትን የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያደነቁራል፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2018 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መብራቱን አጥፍታችሁ ጸጥ ያለ ቻናል ላይ ስኬልቹን (የሬዲዮውን የጩኸት መቁረጫ) ጩኸቱ ልክ እስኪጠፋ ድረስ አስተካክሉ፤ መብራቱን አብሩ። ሬዲዮው እንደገና ከጮኸ መብራቱ ነው። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ጥፋተኛውን ለዩ።

ደንገል_ዳር

ልዘርዝር፣ እረሙኝ። 20 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ፎስፌት፣ 50 ዋት ሶላር፣ የሊቲየም ምርጫ ያለው ኮንትሮለር፣ ሁለት ባለ 10 ዋት ፓውዛ ከ10 እስከ 30 ቮልት፣ አንድ ነጭ ዙሪያ መብራት በ1.2 ሜትር ዘንግ ላይ፣ የጎን ቀይና አረንጓዴ፣ 30 ሜትር 1.5 ካሬ ሽቦ፣ 15 አምፔር ፊውዝ። ባትሪውን ከቤንዚን ጋኑ አጠገብ ካለው ሣጥን ውስጥ።

ሽቦ_በልክ

ሁለት እርማት። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ 10 አምፔር ይሁን፣ ከዚያ ለፓውዛዎቹ 5፣ ለመታያዎቹ ለብቻ 3፤ ፓውዛው ሲቃጠል መታያው አብሮ እንዳይጠፋ። ባትሪውና ማብሪያዎቹ ደግሞ ከቤንዚኑ ወደ ሌላኛው የጀልባው ጫፍ ይሂዱ። ማብሪያ ሲነካ ብልጭታ አለው፣ የቤንዚን ጭስ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሣጥን ውስጥ ይተኛል።

አሮጌ_መልሕቅ

ዘንጉን 1.5 ሜትር አድርገው። ቆሞ መረብ የሚስብ ሰው 1.2ቱን በትከሻው ይጋርደዋል።